የአየሩ ዕድር የታለ?

ይህ ጽሑፍ በመጀመሪያ ሌላ ጽሑፍ ነበር። ርእሱን መርጬ፣ የመግቢያውን አንቀጽ ጨርሼ፣ የኢንተርኔት አቅራቢዬን ድርጅት በአደባባይ ለመውቀስ ብዕሬን ስዬ ነበር። ወቀሳውን ያስጣለኝ አንድ ሜትር የማይሞላ ገመድ ነው።

የምኖረው በአዲስ አበባ ካሉት ኮንዶሚኒየሞች በአንዱ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ለወራት ያህል ልክ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ሲሆን የቤቴ ኢንተርኔት ይሽመደመድ ነበር። የተማሪዎቼን የመመረቂያ ጽሑፍ ለማውረድ ቡና እስኪፈላ እጠብቃለሁ፤ ባሕር ማዶ ካለችው እኅቴ ጋር ስንነጋገር ድምፅዋ ይቆራረጥና ፊቷ እንደ ፎቶግራፍ ደርቆ ይቀራል። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ግን ሁሉም ደኅና ነው። ደጋግሜ ደወልሁ፤ ደጋግሜ አቤት አልሁ። በመጨረሻ አንድ ምሽት የመጣው ወጣት ቴክኒሻን ከቦርሳው ገመድ አውጥቶ ኮምፒውተሬን ከራውተሩ ጋር አገናኘና ፍጥነቱን ለካ። የምከፍልበት ፍጥነት ሳይሸራረፍ እቤቴ ደርሷል። ገመዱን ነቅሎ በዋይፋይ ሲለካው ግን ከዐሥር አንዱን እንኳ አልሞላም። «ዶክተር፣ መስመርዎ ደኅና ነው» አለኝና ግድግዳውን በጣቱ አሳየኝ። «ችግሩ እዚህ ነው።»

የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የተባለችው እኔው ነኝ።

አንባቢ እንዳይሳሳትብኝ እፈራለሁ፤ አቅራቢዎች ንጹሓን ናቸው ማለቴ አይደለም። መስመር ይበጠሳል፤ መብራት ይጠፋል፤ አቤቱታ ሰሚ ያጣል። በ2015 ዓ.ም. ሁለተኛው ኦፕሬተር ሥራ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ የምንወቅሰው ስም ሁለት ሆነ እንጂ ልማዳችን አልተለወጠም። ክርክሬ ከዚሁ ልማድ ጋር ነው። ጥፋት ሁሉ ከላይ ይወርዳል ብለን ስለምናምን ከጎናችን የሚነሣውን አናይም።

ቴክኒሻኑ ከሄደ በኋላ በአካባቢው ያለውን ዋይፋይ የሚዘረዝር መተግበሪያ በስልኬ ጫንሁ። ከሳሎኔ ሳልነሣ 31 ራውተሮች ቆጠርሁ። አብዛኞቹ 2.4 ጊጋኸርዝ በሚባለው ጠባብ የሞገድ ክልል ተፋፍገዋል። ክልሉ በወረቀት ላይ 13 ቻናሎች አሉት፤ ነገር ግን አንዱ ቻናል ከሌላው የሚርቀው በ5 ሜጋኸርዝ ብቻ ሲሆን፣ አንድ ራውተር 20 ያህል ይይዛል። ስለዚህ ሳይደራረቡ ጎን ለጎን የሚሠሩት ሦስት ብቻ ናቸው፦ 1፣ 6 እና 11። በአንድ ቻናል ላይ የተቀመጡ ራውተሮች ቢያንስ ይደማመጣሉ፤ አንዱ ሲናገር ሌላው ተራውን ይጠብቃል። 3 ወይም 9 ላይ የተቀመጠው ግን ግራ ቀኙን የሚያውክ፣ ንግግሩን ማንም የማይለየው ጫጫታ ነው።

ታዲያ የሕንፃችን ሰው ምን አደረገ? ጉልበት ገዛ። ሁለተኛ ፎቅ ያሉት ጎረቤት ባለ ስድስት አንቴና ራውተር አስመጡ። ሦስተኛ ፎቅ ያለው ሞገዱን ተቀብሎ መልሶ የሚያሰራጭ ማጠናከሪያ ሰካ። እኔም (ሐፍረቴ እዚህ ላይ ነው) የራውተሬን ጉልበት እስከ ጫፍ ከፍ አደረግሁ። ማጠናከሪያው የሰማውን ሁሉ በዚያው ቻናል ደግሞ ስለሚናገር የአየሩን ጊዜ እጥፍ ይበላል። የእኔም ጉልበት ጎረቤት ቤት ዘልቆ ይረብሻል እንጂ፣ ስልኬ ደካማ ድምፁን ለራውተሩ እንዲያሰማ አይረዳውም። ሁሉም ሲጮኽ ማንም አይሰማም፤ መድኃኒቱም ይበልጥ መጮኽ ይመስለናል። ይህን ጠባይ ከፖለቲካችን የማያውቀው አንባቢ ካለ እጁን ያውጣ።

ጋሬት ሃርዲን እ.ኤ.አ. በ1968 ለሁሉም ክፍት የሆነ የጋራ ግጦሽ መራቆቱ አይቀርም ሲል ጻፈ። ብዙዎች ከዚህ የወሰዱት ትምህርት ወይ መንግሥት ይቆጣጠረው፣ ወይ ለግል ይሸጥ የሚል ነበር። ኤሊኖር ኦስትሮም ግን በ1990 ባሳተመችው መጽሐፍ፣ ተጠቃሚዎች ራሳቸው ባወጡት ደንብ ግጦሽንና የመስኖ ውኃን ለዘመናት ጠብቀው እንደኖሩ አሳየች፤ በ2009ም የኢኮኖሚክስ ኖቤል ሽልማት ተቀበለች። ለእኛ ይህ እንግዳ ትምህርት ሊሆን ባልተገባው ነበር። በዚሁ ሕንፃ ዕድር አለን፤ ድንኳኑን ማን መቼ እንደሚወስድ፣ የጠፋውን ወንበር ማን እንደሚተካ በደንብ ተጽፏል፤ የቀረ ይቀጣል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅም የጋራውን በጋራ የምናስተዳድርበት ማኅበር ሰጥቶናል። ማኅበራችን ስለ ውኃ ፓምፕ፣ ስለ ጥበቃ ደመወዝና ስለ ቆሻሻ ግማሽ ቀን ይነጋገራል። ስለ አየሩ ግን በቃለ ጉባኤው አንዲት መስመር ሰፍራ አላየሁም።

«ራውተሩ የእኔ፣ ቤቱ የእኔ፤ ማን ያገባዋል?» የሚሉኝ እንደሚኖሩ አውቃለሁ። ሙቀጫውም እኮ የባለቤቱ ነው፤ እኩለ ሌሊት ላይ በርበሬ ሲወቀጥበት ግን ከታች የተኛውን ሰው ያገባዋል።

የሚጠየቀው መሥዋዕትነት ደግሞ ቀላል ነው። ራውተሩ 5 ጊጋኸርዝ ያለው ሰው ስልኩንና ኮምፒውተሩን ወደዚያ ያዛውር፤ ቦታው ሰፊ ነው፤ ኮንክሪት እምብዛም አለመዝለቁም በተጨናነቀ ሕንፃ ውስጥ ጸጋ ነው። ከራውተሩ አጠገብ ያለ ቴሌቪዥን በገመድ ይሰካ። በ2.4 ላይ መቅረት ግድ የሆነበት የቻናሉን ስፋት 20 ያድርግ፤ 40 የሚያደርግ ከሦስቱ መንገዶች ሁለቱን ለብቻው ይዘጋል። ቻናሉም በፎቅ ይደልደል፦ ምድር ቤት 1፣ አንደኛ ፎቅ 6፣ ሁለተኛ 11፣ ሦስተኛ እንደገና 1፣ አራተኛ 6። ማጠናከሪያው ይነቀል።

እሑድ በማኅበሩ ስብሰባ ላይ ከውኃ ፓምፑ ቀጥሎ ይህን አቀርባለሁ። የእኔ ራውተር ከትናንት ጀምሮ ጉልበቱ ተቀንሶ 6 ላይ ተቀምጧል። ባለ ስድስት አንቴናው ጎረቤቴ 9 ላይ ናቸው፤ አስቀድሜ የምለምነው እሳቸውን ነው።