ለጫኖ ወገኖቼ፦ የተመረመረው ደም የእናንተ ነው

የተከበራችሁ የጫኖ ሚሌ፣ የጫኖ ዶርጋና የጫኖ ጫልባ አባቶችና እናቶች፣ እህት ወንድሞቼ፤ ይህን የምጽፍላችሁ ከኖርዌይ ነው። የባሕር ማዶ ሰው ደብዳቤ ብዙውን ጊዜ ወይ የገንዘብ ወይ የፖለቲካ ነው፤ የእኔ ስለ ወባ ነው።

ጫኖ ሚሌ ያላችሁ፣ ከዓመታት በፊት ቤት ለቤት እየዞሩ «ያተኮሰው ሰው አለ?» ይሉ የነበሩትን መረጃ ሰብሳቢዎች ሳታስታውሷቸው አትቀሩም። 8,121 ሰው ለ101 ሳምንታት ተከታትለዋል። ውጤቱን እስክንድር ሎሃና የበርገን ዩኒቨርሲቲው በርንት ሊንትየርን እ.ኤ.አ. በ2012 በአንድ የአሜሪካ የትሮፒካል ሕክምና መጽሔት ላይ አወጡት። የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። በየአገሩ ያሉ የወባ ተመራማሪዎች ያውቁታል፤ የቀበሌያችሁ ምክር ቤት ተወያይቶበት እንደሆነ ግን እጠራጠራለሁ።

በማይክሮስኮፕ ከተረጋገጡት 317 ፋልሲፓረም በተባለው የወባ ዓይነት የመጡ ሕመሞች አብዝተው የተገኙት በወንዶች፣ ከ5 እስከ 14 ዓመት ባሉ ልጆች፣ በድሆች፣ አጎበር በማይጠቀሙና ለትንኝ መራቢያ ቀርበው በሚኖሩ ሰዎች ላይ ነው። ይህን ያለ ጥናትም ታውቁት ነበር። እኔን እንደገና እንዳነብ ያደረጉኝ የጥናቱ ሌሎች ሁለት ግኝቶች ናቸው።

አንደኛው፣ አጎበር ውስጥ የተኛውን ሰው አጎበሩ ጠብቆታል፤ አጎበር በነጻ በጅምላ መታደሉ ግን በቀበሌው ያለውን የፋልሲፓረም ወባ ሲቀንስ አልታየም። በዚያን ጊዜ የቀነሰው የቤት ውስጥ ኬሚካል ርጭት ነው። እንግዲህ ወረዳው «ይህን ያህል አጎበር አድለናል» ብሎ ሪፖርት ሲያቀርብ ማጨብጨብ የለብንም። ስንቱ ተሰቀለ? ስንቱ ተቀደደ? ማን ሄዶ አየ? ጥያቄው ይህ ነው። ሁለተኛው፣ ከሕመሞቹ 29.3 በመቶ የደረሰው ለጊዜው በመጡ ሰዎች ላይ ነው። ለሙዝ ጭነትና ለቀን ሥራ የሚመጡትን ልጆች ሁላችንም እናውቃቸዋለን። አጎበር በነዋሪ መዝገብ ሲታደል እነሱን ማን ይቆጥራቸዋል? እዚህ ላይ የአትክልትና ፍራፍሬ ማኅበራትም ከተጠያቂነት የሚያመልጡ አይመስለኝም።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ፍቃዱ ማሴቦና ባልደረቦቹ የጫኖን ትንኝ መርምረው በአጎበርና በርጭት ላይ ይውሉ ለነበሩት ፓይሬትሮይድ ኬሚካሎች ብርቱ መቋቋም ማዳበሩን እ.ኤ.አ. በ2013 አሳትመዋል። በዚያው ዓመት በወጣ ሌላ ጥናት፣ በአርባ ምንጭ አካባቢ በርና መስኮታቸው ላይ የወንፊት ሽቦ የተገጠመላቸው ቤቶች ውስጥ የሚገባው ትንኝ በ40 በመቶ ገደማ አንሷል። የወንፊት ሽቦ! ከማንኛውም የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ የሚገዛ፣ የሰፈር አናጢ የሚገጥመው ነገር። ትንኝ ደግሞ ሽቦን አይላመደውም።

ይህ ሁሉ ከታወቀ ከአሥር ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ከጥር እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ብቻ በአገራችን ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕመም መመዝገቡን የዓለም ጤና ድርጅት አስታወቀ። ጥናት ብቻውን በጀት አያስወጣም። በጀት የሚያስወጣው ጥናቱን ይዞ ወረዳ ጽሕፈት ቤት የሚቆም ሕዝብ ነው።

ያን አቅም አላችሁ። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ በጋሞ ተወላጆች ላይ ከደረሰው ጥቃት በኋላ ለበቀል የወጡትን ወጣቶች የእናንተው የጋሞ አባቶች ለምለም ሣር ይዘው፣ ተንበርክከው ሲመልሷቸው አገር አይቷል። የተቆጣ ወጣት የመለሰ ሽማግሌ የወረዳ ካቢኔ አይከብደውም። ጉዳዩን በሕዝብ ሸንጎአችሁ፣ በዱቡሻ ላይ አውጡት። ዱቡሻ በልማድ የወንዶች ድምፅ የሚያይልበት ነው፤ በዚህ ጉዳይ ግን የታመመ ልጅ ሌሊቱን ታቅፈው የሚያድሩት እናቶች ካልተናገሩ ግማሹ እውነት ይቀራል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችንም ጥሯቸው፤ ተከሳሽ ሳይሆኑ ምስክር ናቸው።

ከምባታ ምሳሌ አለው። ቦጋለች ገብሬ ከአሜሪካ ተመልሰው ከእህታቸው ጋር ሥራ ሲጀምሩ ሕዝቡ ያነሣላቸው ችግር ድልድይ ነበር። ድልድዩን አሠሩ፤ በሴት ልጅ ግርዛት ላይ የማኅበረሰብ ውይይቱ ከዚያ መጣ። ሕዝብ ተነጋግሮ የወሰነውን ሕዝብ ራሱ ይጠብቀዋል። ከውጭ ለምንመጣ ሰዎች ደግሞ ትምህርቱ ሌላ ነው፦ መጀመሪያ መስማት።

የጠያቂነት መብታችሁ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43 ላይ ሰፍሯል፤ ማኅበረሰባችሁን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ አስተያየታችሁ ሊጠየቅ ይገባል። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር ጥያቄው ከሰኔ በፊት መድረስ አለበት፤ በነሐሴ የገባ አቤቱታ የሚያገኘው «ለሚቀጥለው ዓመት» የሚል መልስ ነው። እኔ ብሆን የምጠይቀው ጥቂት ነው፦ ለድሃ ቤቶች የወንፊት ሽቦ የሚሆን መደብ፣ የትንኙ መቋቋም ተፈትሾ በተመረጠ ኬሚካል ከወባው ወቅት በፊት የሚደረግ ርጭት፣ ለጊዜያዊ ሠራተኞችም አጎበር። እናንተ ሌላ ታስቀድሙ ይሆናል፤ ወሳኞቹ እናንተ ናችሁ።

በውጭ ከምንኖረው ወገኖቻችሁ በኩል ጥናቶቹን በአማርኛና በጋሞኛ አሳጥረን፣ አሳትመን እንልካለን። የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሰፈራችሁን ቤቶች፣ የተቀደደውን አጎበርና ክፍቱን መስኮት እየዞሩ ቢመዘግቡ የጉዞና የወረቀት ወጪውን እንሸፍናለን። ዱቡሻው የሚቀመጥበትን ቀን ቆርጣችሁ ላኩልን፤ ጽሑፉ ከዚያ በፊት እጃችሁ እንዲገባ።