የጣርማ በር ዳገትና የቱርቦው ውሃ መንገድ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ደሴ የሚጓዝ ሰው ደብረ ብርሃንን አልፎ ጣርማ በር ሲደርስ ሁለት ነገሮችን ያስተውላል። አንደኛው ጉሙ ነው፤ ሁለተኛው ከደብረ ሲና በኩል ጭነት ተሸክመው ሽቅብ የሚመጡት የከባድ መኪናዎች ድምፅ ነው። በጠመዝማዛው መንገድ ጥግ ላይ አንዱ መኪና ቆሞ እንፋሎት ሲተፋ፣ ከኋላ ጎማው ሥር ድንጋይ ታኮ ሆኖለት፣ ረዳቱም ጀሪካን ይዞ ሲንጎራደድ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ተሳፋሪው «ሞተሩ ሞቀበት» ብሎ የደብረ ሲና ቆሎውን እየቆረጠመ ያልፋል። ለምን ሞቀ? ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። መልሱ አንዳንድ ጊዜ የሚገኘው ከትልቁ ሞተር ዘንድ ሳይሆን ርዝመቷ ከሁለት ሦስት ክንድ ከማትበልጥ አንዲት የጎማ ቱቦ ዘንድ ነው። ዛሬ የምንነጋገረው ስለዚህች ቱቦ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ከአየሩ እንጀምር። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ያህል ከፍታ ሲኖራት የጣርማ በር ዋሻ ግን ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ይህ ዋሻ ኢጣልያ አገራችንን በወረረችበት ዘመን፣ ይኸውም ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ ተራራውን በስቶ የወጣ ሲሆን ርዝመቱ ከግማሽ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። እንግዲህ ከቆላው የተነሣ መኪና በሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ጉዞ ውስጥ 1,700 ሜትር ያህል ወደ ላይ ይወጣል ማለት ነው።

ሽቅብ በተወጣ ቁጥር አየሩ ይሳሳል። በባሕር ጠረፍ፣ ለምሳሌ በጅቡቲ ያለውን የአየር ግፊት 100 ብንለው በ3,000 ሜትር ከፍታ ላይ 70 ብቻ ይሆናል። ሲሊንደሩ በአንድ ጊዜ የሚስበው አየር ስፋቱ ያው ነው፤ ክብደቱ ግን ቀንሷል። ናፍጣ ደግሞ ያለ በቂ አየር በደንብ አይነድም። ስለዚህ ቱርቦ የሌለው አሮጌ ሞተር ጣርማ በር ላይ ጥቁር ጢስ ይተፋል፤ ጉልበቱም ይከዳዋል። ከቆላ መጥቶ ዳገት የጀመረ ሰው እንደሚያለከልክ ሞተሩም ያለከልካል።

የዚህ አገር ዳገት የተሸካሚን ትንፋሽ መፈተን የጀመረው በመኪና ዘመን አይደለም። ከደብረ ብርሃን በስተ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ በነበረችበት ጊዜ ከባሕር በኩል የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ ግመሎቹን ይዞ የሚደርሰው ከተራራው ሥር እስካለችው እስከ አልዩ አምባ ነበር። ከዚያ በላይ ግመል አይሆንም፤ ጭነቱ በበቅሎ፣ በአህያና በሰው ጀርባ ይወጣል። ቆላው የግመል፣ ደጋው የበቅሎ ነበር። የዛሬው መኪና ግን ከጅቡቲ ወደብ የጫነውን ሳያራግፍ ቆላውንም ደጋውንም ራሱ መወጣት አለበት። ለዚህ የሚረዳው መሣሪያ ቱርቦ ይባላል።

ቱርቦን ያሰበው አልፍሬድ ቢዩኺ የተባለ የስዊስ መሐንዲስ ሲሆን የፈጠራውን መብት ያስመዘገበው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1905 ነው። አሳቡ ቀላልና ብልህ ነው። በማርሚታ በኩል በከንቱ የሚወጣው ትኩስ ጢስ አንዲት መዘውር ያሽከረክራል፤ በዚያው ዘንግ ላይ ያለችው ሁለተኛዋ መዘውር ከውጭ አየር እየሳበች ጠቅጥቃ ወደ ሲሊንደሩ ታስገባለች። ዘንጉ በደቂቃ እስከ መቶ ሺህ ዙር ይሽከረከራል። በጭነት መኪና ላይ የስዊሱ ሳውረር ፋብሪካ በ1938፣ የስዊድኑ ቮልቮ በ1954 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በሥራ አዋሉት።

ነገር ግን አየር ሲጠቀጠቅ ይሞቃል። የብስክሌት ጎማ በእጅ ፓምፕ የነፋ ተማሪ የፓምፑ ጫፍ እንዴት እንደሚያቃጥል ያውቃል። ከቱርቦ የሚወጣው አየር 150 ዲግሪና ከዚያም በላይ ይደርሳል። ትኩስ አየር ደግሞ የተበተነ አየር ነው፤ በአንድ በኩል ያተረፍነውን በሌላ በኩል እንከስራለን። ስለዚህ በቱርቦውና በሞተሩ መካከል አየሩን የሚያበርድ ኢንተርኩለር የተባለ መሣሪያ ይገባል። ግፊቱ ሳይቀንስ 150 ዲግሪ የነበረው አየር ወደ 60 ዲግሪ ቢወርድ በዚያው ስፋት ውስጥ የሚገባው የአየር ክብደት ከሩብ በላይ ይጨምራል። በጣርማ በር አፋፍ ላይ ይህ ሩብ ማለት በሦስተኛ ማርሽ መውጣትና በመጀመሪያ ማርሽ መንፏቀቅ ማለት ነው።

ኢንተርኩለር ሁለት ዓይነት ነው። በብዙዎቹ የጭነት መኪናዎች ላይ ያለው ከራዲያተሩ ፊት ተቀምጦ በነፋስ የሚበርደው ነው፤ እርሱ ውሃ አይፈልግም። ሁለተኛው በውሃ የሚበርደው ነው። ይህኛው በሞተሩ ጎን ወይም በላዩ ተቀምጦ ሙቀቱን ለውሃ ያስረክባል። ውሃውን ከሞተሩ ውሃ የሚጋራ አለ፤ ይህ ግን አየሩን ከሞተሩ ውሃ ሙቀት በታች፣ ይኸውም ከ85 ወይም ከ90 ዲግሪ በታች ሊያወርደው አይችልም። የራሱ ፓምፕና ከፊት የራሱ ትንሽ ራዲያተር ያለውም አለ፤ የተሻለ የሚያበርደው ይህ ነው። በትንሹ ራዲያተርና በኢንተርኩለሩ መካከል የሚመላለሱት ቱቦዎች ናቸው እንግዲህ የዛሬው ጉዳያችን።

ቱቦ መግጠም ሁለት አፍ ማገናኘት ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን የሸዋ ሮቢት ገበሬ ቦይ ሲቀድ ውሃው ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ ብቻ ሳይሆን በምን በኩል እንደሚያልፍም ያስባል። ቱቦም እንዲሁ ነው። በቱቦ ውስጥ ግን ከቦዩ የተለየ አንድ ጠላት አለ፤ እርሱም አየር ነው። ውሃ ወደ ታች ይፈልጋል፤ አየር ወደ ላይ። ቱቦው በመካከል ጉብታ ሠርቶ ከወጣና ከወረደ አየር በጉብታው ላይ ተሰብስቦ ይቀመጣል፤ ትንሹም ፓምፕ ሊገፋው ያቅተዋል። በዚያን ጊዜ ፓምፑ ይዞራል፣ ታንኩም ሙሉ ነው፤ ውሃው ግን አይንቀሳቀስም። ስለዚህ የመጀመሪያው ሕግ ይህ ነው፤ ውሃው ወደ ኢንተርኩለሩ በታችኛው አፍ ይግባ፣ በላይኛው አፍ ይውጣ፤ ቱቦውም ያለ ጉብታ ወደ መሙያው ታንክ እየወጣ ይሂድ። ጉብታን ማስቀረት ካልተቻለ በጉብታው ራስ ላይ አየር ማስተንፈሻ ቡሎን ይደረግ።

እዚህ ላይ የአገራችን ተራራ የሚያስተምረን አንድ ቁም ነገር አለ። መኪናው ጋራዥ ሲቆም ሜዳ ላይ ነው፤ ሥራውን የሚሠራው ግን ዳገት ላይ ነው። ታንኩ ከትንሹ ራዲያተር 1 ሜትር ተኩል ወደ ኋላ ተቀምጦ በከፍታ 10 ሴንቲ ሜትር ይበልጠዋል እንበል። በሜዳ ላይ ትክክል ነው፤ አየሩ ሁሉ ወደ ታንኩ ይወጣል። አሁን መኪናው በየመቶ ሜትሩ 10 ሜትር የሚነሣ ዳገት ጀመረ። አፍንጫው ሽቅብ ሲል ራዲያተሩ ከታንኩ አንጻር 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል። በ10 ያንስ የነበረው በ5 በለጠ። የአየሩም መሰብሰቢያ ከታንኩ ወደ ራዲያተሩ ራስ ተዛወረ፤ ይህም የሚሆነው ሞተሩ ቅዝቃዜ ከምንጊዜውም ይልቅ በሚፈልግበት ሰዓት ነው። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጥና የኋለኛው ጫፍ ከፍተኛ ይሆናል። ስለዚህ የታንክ ከፍታ ለጋራዡ ወለል ሳይሆን ለዳገቱ ይለካ።

ሁለተኛው ሕግ ስለ እሳት ነው። ጢሱ የሚያልፍበት የቱርቦ ጎን በዳገት ላይ ስድስት መቶ ዲግሪና ከዚያ በላይ ይግላል፤ በጨለማ ሲያዩት ይቀላል። ተራ የጎማ ቱቦ 150 ዲግሪን እንኳ ለብዙ ጊዜ አይችልም፤ ሲሊኮን የተባለው ይሻላል፣ እርሱም ቢሆን ልክ አለው። ቱቦው ከዚያ ጎን ቢያንስ አንድ ስንዝር ይራቅ፤ መራቅ ካልቻለ ቆርቆሮ ጋሻ በመካከል ይግባ።

ሦስተኛው ስለ እንቅስቃሴ ነው። ሞተር በጎማ ትራሶች ላይ የተቀመጠ በመሆኑ ፍሪሲዮን በተለቀቀና ነዳጅ በተረገጠ ቁጥር ወደ ጎን ይወዛወዛል፤ ሻንሲው ግን ባለበት ነው። ከሞተር ወደ ሻንሲ የሚሻገር ቱቦ ተወጥሮ ከታሰረ ከአፉ ይነቀላል፤ በጣም ከላላ ደግሞ ቬንትሌተሩ ወይም ቺንጊያው ይበላዋል። ስለዚህ መጠነኛ ሸብረቅ ይኑረው፤ በየክንዱም ይደገፍ። ከሹል ብረት ጋር አይነካካ፤ ከፍሬን ቱቦና ከኤሌክትሪክ ሽቦ ጋር በአንድነት አይጠፈር። ውሃ ቢፈስ መኪናው ይቆማል፤ የፍሬን ቱቦ ተፍቆ ቢበሳ ግን መኪናው አይቆምም። የጣርማ በርን ቁልቁለት ያየ ሰው ልዩነቱን ማስረዳት አያሻውም።

ስለ ክዳኑም አንድ ቃል እንጨምር። በደጋ ንፍሮ ለመብሰል ብዙ ሰዓት የሚፈጀው ውሃው ሳይግል ስለሚፈላ ነው። ንጹሕ ውሃ በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ ሲፈላ በ3,000 ሜትር ከፍታ ላይ በ90 ዲግሪ ይፈላል። አንድ ባር ግፊት የሚይዝ ጤነኛ ክዳን ግን ይህን እስከ 115 ዲግሪ ያደርሰዋል። ክዳኑ አርጅቶ ወይም ጠፍቶ በጨርቅ የተወተፈ እንደ ሆነ ከሞተሩ ጋር ውሃ የሚጋራው ኢንተርኩለር በአፋፉ ላይ የፈላ ድስት ይሆናል። ከዚህም የከፋው አደጋ በሰው ላይ የሚመጣው ነው። ሞተሩ ሳይበርድ ክዳኑ ሲከፈት ግፊቱ በድንገት ይወድቅና ከ90 ዲግሪ በላይ የጋለው ውሃ ወዲያው እንፋሎት ሆኖ ይፈነዳል፤ የሚያገኘውም ጎንበስ ብሎ የከፈተውን የረዳቱን ፊት ነው። ጥቅምትና ኅዳር ሲመጡ ደግሞ የደብረ ብርሃን አመዳይ አለ፤ ተራ ውሃ ሌሊት ሊረጋና ቱቦውን ሊሰነጥቅ ስለሚችል አንቲፍሪዝ የተባለውን ፈሳሽ ቀላቅሎ መጨመር ለብርዱም ለሙቀቱም ይጠቅማል።

ምናልባት አንባቢ «እኔ ተማሪ ነኝ፤ እኔ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነኝ፤ ይህ የመካኒክ ጉዳይ አይደለምን?» ይል ይሆናል። አይደለም። የመሥሪያ ቤቱ መኪና ሲበላሽ መካኒኩ የሚጠይቀውን ዕቃ በቅጽ የሚሞላው፣ ዋጋ የሚያወዳድረው፣ ከንብረት ክፍል የሚያወጣው ወጣቱ ጸሐፊ ነው። መካኒኩ «ለዚህ መኪና ተብሎ በቅርጹ የተሠራ ቱቦ» ሲል በቅጹ ላይ «ቱቦ፣ 1» ተብሎ ይጻፋል። ከዚያም ዋጋው ቀነስ ያለው ቀጥ ያለ ቱቦ ተገዝቶ ይመጣል። ቀጥ ያለውን ቱቦ በጠባብ ማእዘን ሲያጥፉት እንደ ረገጡት ሸምበቆ ይሰበራል፤ የውሃውም መንገድ ይዘጋል። የተረፈው ገንዘብ ትንሽ ነው፤ ዳገቱ ላይ የሚቀረው ግን ሹፌሩ፣ ረዳቱና የሕዝብ ንብረት ነው።

እንግዲህ ከጉዞ በፊት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ጋቢናውን ወይም ኮፈኑን ከፍቶ ቱቦውን ከአፍ እስከ አፍ በእጅ መዳሰስ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። የሻከረ፣ ያበጠ፣ የተፋቀ ወይም የተጣጠፈ ቦታ ካለ እጅ ይነግራል። አዲስ ቱቦ ከገባም መኪናውን አፍንጫውን ወደ ላይ አድርጎ በመጠነኛ ተዳፋት ላይ በደንብ ታኮ አድርጎ ማቆም፣ ማስተንፈሻውን ከፍቶ አረፋ የሌለበት ውሃ እስኪወጣ ቀስ ብሎ መሙላት፣ ከመጀመሪያው ጉዞም በኋላ ማሰሪያዎቹን እንደገና ማጥበቅ ይገባል። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው። ቅጠሉ በደብረ ብርሃን ጋራዥ በቀላሉ ይገኛል፤ በጣርማ በር አፋፍ፣ በጉሙ ውስጥ፣ ከኋላ አውቶቡስ እየጠበቀ ግን አይገኝም።