ባትሪውን ሌሊት ማን ይበላዋል?

ጊዜው ኅዳር ነው። ቀኑ ሰኞ ነው፤ ገና እየነጋ ነው። በሞላሌ ውርጩ ሣሩን አንጥቶታል። አንዲት እናት ምጥ ይዟታል። ወደ መሐል ሜዳ ሆስፒታል መሄድ አለባት። ሚኒባሱ ደጅ ቆሟል። ሹፌሩ ቁልፉን አዞረ። ሞተሪኖው «ጠቅ፣ ጠቅ» አለ። ሞተሩ ግን አልተነሣም።

እኛም እዚያው ነበርን። ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ ገፋ። መኪናው ቁልቁለቱ ላይ ተነሣ። እናቲቱ በጊዜ ደረሰች፤ በሰላምም ተገላገለች። መኪናው የቆመው ሜዳ ላይ ቢሆን ኖሮስ?

ሹፌሩ ሲመለስ እንዲህ አለን፦ «ባትሪው እኮ አዲስ ነው። በአንድ ዓመት ሦስተኛዬ ነው። እኔ የምሠራው ለባትሪ ነጋዴ ሆነ!» እውነቱን ነው። የባትሪ ዋጋ ቀላል አይደለም። ስለዚህ የዛሬውን ዓምዳችንን ለባትሪ ሰጠነው።

ባትሪ ምንድን ነው? ባትሪ ጎተራ ነው። ጎተራ እህል አያበቅልም፤ የገባለትን ያስቀምጣል። በባትሪ ውስጥ የእርሳስ ዝርጎችና በውሃ የቀጠነ አሲድ አሉ። እርሳስ ስንል የምንጽፍበትን ማለታችን አይደለም፤ ከባዱን ማዕድን ነው። ሞተሩ ሲሠራ ዲናሞው ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ ባትሪውንም ይሞላዋል። ጠዋት ሞተሪኖው ከዚያው ወስዶ ሞተሩን ያስነሣል።

ጎተራ ባዶ ሆኖ ሲገኝ ምን ብለን እንጠይቃለን? እህሉ ገብቷል ወይ? ጎተራው ቀዳዳ አለው ወይ? አይጥ ገብቶበታል ወይ? ለባትሪም የሚጠየቀው ይኸው ነው።

ሹፌሩ ግን የሚያማው ብርዱን ነበር። ማታ ማታ የሞተሩን ክዳን ባና ያለብሰዋል። ባና ለሰው ጥሩ ነው፤ ሰው የራሱ ሙቀት አለውና። የቆመ ሞተር ግን ሙቀት አይወልድም። ባናው ጥቂት ሰዓት ያቆየዋል እንጂ ሲነጋ ያው ቀዝቃዛ ነው። በእርግጥ የመንዝና የግሼ ደጋ ብርድ ባትሪን ይጎዳል። ውሃ በሚረጋበት ብርድ ባትሪ ሲሶ ያህል ጉልበቱን ያጣል። የሞተሩም ዘይት ስለሚወፍር ለማዞር ይከብዳል። ቢሆንም ሙሉ ባትሪ ይህን ይችለዋል። የማይችለው ጎዶሎው ነው። ታዲያ ማን አጎደለው?

መጀመሪያ የባትሪው ራሶች ታዩ። ነጭና አረንጓዴ ዝገት ይዟቸዋል። ሞተሩ ጠፍቶ፣ በፊት የኔጌቲቩ (−) ሽቦ ተፈታ፤ ቀጥሎ የፖዘቲቩ (+)። በሙቅ ውሃና በብሩሽ ታጠቡ፤ ደርቀው ጠበቁ። ሲታሰር የኔጌቲቩ መጨረሻ ነው። ውሃውም ታየ። ከዝርጎቹ በታች ከወረደ የተጣራ የባትሪ ውሃ ብቻ ይጨመራል። የምንጭ ውሃ ማዕድን ስላለበት አይሆንም። አሲድም አይጨመርም። አደራ፣ እዚያ አካባቢ ክብሪት አትጫሩ፤ ከባትሪ የሚወጣው ጋዝ ይፈነዳል። አሲድ ዓይን ወይም ቆዳ ቢነካ ወዲያው በብዙ ውሃ ይታጠብ።

ከዚያ ቴስተር ተዋስን። ረዳቱ ወጣት ነው፤ ማንበብና መጻፍ የተማረው በቅርቡ ነው። ደብተሩን አውጥቶ ጻፈ፦

ሞተሩ እየሠራ፦ 14.2 ቮልት።
ቅዳሜ ማታ 1 ሰዓት፣ ሞተሩ ጠፍቶ ካረፈ በኋላ፦ 12.6።
ሰኞ ጠዋት 1 ሰዓት፦ 12.1።

እነዚህ ቁጥሮች ብዙ ይናገራሉ። 14.2 ማለት ዲናሞው ደኅና ይሞላል ማለት ነው። ከ13 በታች ቢሆን ኖሮ ቺንጊያው ላልቷል ወይም ዲናሞው ታሟል እንል ነበር። 12.6 ሙሉ ባትሪ ነው። 12.1 ግን ግማሽ ያህል ነው። እሑድ መኪናው አልተንቀሳቀሰም። ግማሹ የት ሄደ?

በሚቀጥለው ቅዳሜ የኔጌቲቩ ሽቦ ተፈትቶ አደረ። ሰኞ ጠዋት 12.6 ነበር! ጎተራው ቀዳዳ የለውም። እንግዲያው አይጥ አለ።

አይጡን ለመያዝ ቴስተሩ ወደ አምፔር ተዞረ። በተፈታው ሽቦና በባትሪው ራስ መካከል ገባ። ቁልፉ ወጥቷል፤ በሮቹ ተዘግተዋል። በዚህ ጊዜ ሞተር አይነሣም፤ ቴስተሩ ይቃጠላል። ደኅና መኪና ቆሞ የሚወስደው ከ0.05 አምፔር አይበልጥም። የኛው 1 አምፔር አሳየ። ረዳቱ አሰላው። ከቅዳሜ ማታ እስከ ሰኞ ጠዋት 36 ሰዓት ነው። 1 በ36 ሲባዛ 36 ነው። ባትሪው የሚይዘው 70 ነው። ግማሹ ተበልቷል።

ፊውዞቹ አንድ በአንድ ተነቀሉ። ቁጥሩ ግን ንቅንቅ አላለም። ሹፌሩ ተስፋ ቆረጠ። ረዳቱ ግን ከባትሪው ራስ የሚወጡትን ሽቦዎች በጣቱ እየተከተለ ሄደ። አንዲት ቀጭን ቀይ ሽቦ አገኘ። ፊውዝ ሳትነካ በቀጥታ ወደ ቴፑና ወደ አምፕሊፋየሩ ትገባለች። ቴፑን ያስገባው ሰው ሥራውን ለማቅለል ከባትሪው ቀጥታ ስቦታል። ስለዚህ ቁልፉ ሲወጣ ቴፑ ዝም ይላል እንጂ መብላቱን አይተውም።

ሽቦዋ ተነቅላ፣ ቁልፉ ሲዘጋ አብሮ በሚጠፋ ፊውዝ በኩል ገባች። ቴስተሩ 0.03 አሳየ። ከዚያ ወዲህ ሰኞ ሰኞ መኪናው በአንድ ጊዜ ይነሣል።

«ሞቱ» ተብለው አልጋ ሥር የተጣሉት ሁለት ባትሪዎችም ቻርጅ ተደረጉ። አንዱ ያዘ። ሁለተኛው እምቢ አለ፤ ባዶውን ብዙ ወር በመቀመጡ ዝርጎቹ ተበላሽተዋል። ሹፌሩ ሰብሮ እርሳሱን ሊያቀልጠው አስቦ ነበር። ከለከልነው። የእርሳስ ጢስና ብናኝ ልጆችን ይመርዛል። ሳይሰበር ደብረ ብርሃን ወስዶ ለአሮጌ ባትሪ ገዢ ሸጠው።