እንግዳውን ተማሪ ማን ይቀበለው?



ዘመድ ወዳጅ በሌለበት ባዕድ ከተማ አንድ ተማሪ ብቻውን የሚያሳልፋቸው የመጀመሪያዎቹ ቀናት ከባድ ናቸው። ይህን የምንለው ወደ ውጭ አገር ሄደው ስለሚማሩት ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን አይደለም፤ ስለ እነርሱ ብዙ ተጽፏል። ዛሬ የምናነሣው ባዕድ የሆነችባቸው ከተማ የእኛው አዲስ አበባ ስለሆነችው ተማሪዎች ነው።

ባለፈው መስከረም ከጁባ የመጣ አንድ ተማሪ በግቢያችን ያሳለፈውን የመጀመሪያ ሰሞን አጫወተን። በመጣ ማግስት ስለ ምዝገባ ቢጠይቅ፥ ከእኛው አንዱ በእንግሊዝኛ «ነገ በሦስት ሰዓት ና» አለው። እርሱም በአገሩ ልማድ ቈጥሮ ከቀትር በኋላ፥ ማለት በእኛ በዘጠኝ ሰዓት ደረሰ። ምዝገባው በእኛ አቈጣጠር ከጥዋቱ በሦስት ሰዓት ነበርና በስድስት ሰዓት ዘግይቶ ተገኘ። መስኮቱ ተዘግቷል። ሌላ ቀን መኖሩን ቢጠይቅ በግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ አሳዩት፤ ጽሑፉ በአማርኛ፥ ቀኑም በእኛ አቈጣጠር ነው።

ይህ ተማሪ ዐሥር ቀን ሙሉ ሻንጣውን ሳይፈታ ተቀመጠ። «ልመለስ ወይስ ልቈይ እያልኩ ከራሴ ጋር እከራከር ነበር» አለን። በዐሥራ አንደኛው ቀን ስሙን ጠይቀው በስሙ የጠሩት ሰው ከእኛ ወገን አልነበሩም፤ ከበሩ ማዶ ቡና አፍልተው የሚሸጡ አንዲት እናት ናቸው። ማስታወቂያውን ያነበበችለትም የስምንተኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጃቸው ናት። በመጨረሻው የምዝገባ ቀን ተመዘገበ። ያች ልጅ ባትኖር ኖሮ አንድ ዓመት ይቃጠልበት ነበር።

ይህን ስንሰማ አፈርን። በምግብ አዳራሹ ከጎኑ ተቀምጠን የበላነው እኛ ነን። ረቡዕና ዓርብ ሥጋ ለምን እንደሌለ እንኳ የነገረው ሰው አልነበረም።

ነገሩ ከክፋት የመጣ አይደለም፤ ከይሉኝታ ነው። እንግሊዝኛችን እንዳይሳቅበት እንፈራለን፤ «እርሱ ካልጠየቀን ምን አገባን» እንላለን፤ ዝምታችንንም ጨዋነት ብለን ሰይመነዋል። እንግዳው ግን ዝምታችንን «አልፈለግንህም» ብሎ ይተረጕመዋል፤ ቢተረጕመውም አይፈረድበትም።

ይህ ከአባቶቻችን የወረስነው ጠባይ ነው ለማለት አይቻልም። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፥ አኰፋዳውን አንግቦ፥ ትምህርት ፍለጋ ከአገር አገር ሲዞር «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ በቆመበት ደጅ ቍራሽ ይሰጠው ነበር። ረኀቡም፥ ውሻውም፥ ብርዱም ነበሩ። ሆኖም የትኛው ደጅ እንደሚሰጥ፥ የየትኛው ቤት ውሻ እንደሚናከስ የሚነግረው ቀድሞት የመጣ ተማሪ ነበር። ከጁባ ለመጣው ወንድማችን ይህን ያህል እንኳ አላደረግንለትም።

የውጭ ተማሪ ለከተማችን አዲስ ነገር አይደለም። በ1943 ዓ.ም. ወደ ተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ከ1951 ዓ.ም. ጀምሮ ከኬንያ፥ ከኡጋንዳ፥ ከታንጋኒካና ከሌሎችም የአፍሪካ አገሮች የነፃ ትምህርት ዕድል ያገኙ ወጣቶች መጡ። የብዙዎቹ አገር ገና በቅኝ ግዛት ሥር ነበረ። እነዚህ ተማሪዎች ፖለቲካን በግልጽ መከራከራቸው ለኢትዮጵያውያኑ ጓደኞቻቸው ትልቅ ትምህርት እንደነበረ የተማሪውን እንቅስቃሴ ታሪክ የጻፉ ሊቃውንት ይመሰክራሉ። እንግዲህ እንግዳ ተማሪ የሚቀበል ብቻ ሳይሆን የሚሰጥም ነው። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በግንቦት 1955 ዓ.ም. ከተቋቋመባት ወዲህ ከተማችን የአፍሪካ መዲና ትባላለች፤ ስሙ ግን በየመኝታ ክፍሉ ካልተሠራበት ምን ይጠቅመናል?

«ከጂንካ ወይም ከአሶሳ የሚመጣውስ የአገራችን ልጅ ብቻውን አይደለምን?» የሚለን ሰው ይኖር ይሆናል። እውነት ነው። እርሱም በታክሲው ጥሪ ግራ ይጋባል፥ እርሱም ማታ ማታ የቤቱን ናፍቆት ይውጣል። ስለዚህ የምናቀርበው አሳብ ለሁለቱም የሚበጅ ነው።

አንደኛ፥ ሁለተኛ ዓመት የደረሰ እያንዳንዱ ፈቃደኛ ተማሪ አንድ አዲስ ተማሪ ተረክቦ ለዐሥር ቀን ያህል ይምራው፤ ምዝገባውን፥ ቤተ መጻሕፍቱን፥ ገበያውን፥ ሐኪም ቤቱን ያሳየው። ሁለተኛ፥ የሚለጠፍ ማስታወቂያ ሁሉ ሰዓቱንና ቀኑን በሁለቱም አቈጣጠር ይግለጽ፤ ከአማርኛውም ሥር የእንግሊዝኛ ትርጕም ይኑረው። ሦስተኛ፥ የተከበሩ መምህሮቻችን በመጀመሪያው ሳምንት የአዲሶቹን ተማሪዎች ስም አጥንተው በክፍል ውስጥ በስማቸው ይጥሯቸው ዘንድ በትሕትና እንለምናለን።

ከነዚህ አንዱም በጀት አይጠይቅም። የሚጠይቀው አንድ ሲኒ ቡናና የተሰባበረም ቢሆን ጥቂት እንግሊዝኛ ነው። የጁባው ወንድማችን ዛሬ አማርኛን ከአንዳንዶቻችን እንግሊዝኛ በተሻለ ይናገራል፤ ያስተማሩትም እኒያው ባለ ቡናዋ እናት ናቸው።

መስከረም ሩቅ አይደለም። ለዚህ ሥራ ፈቃደኛ የሆነ ሁሉ ክረምቱ ሳይገባ ስሙን ለማኅበራችን ጸሐፊ እንዲያስመዘግብ አጥብቀን እናሳስባለን። የመጀመሪያዎቹ ስሞች የእኛ የዚህ ጽሑፍ አዘጋጆች ናቸው።