የሰውን ቃል በእንግሊዝኛ ስለ ማድረስ

አንድ ሰው የተናገረውን ለሌላው ማድረስ ቀላል ሥራ መስሎ ይታያል። ነገር ግን ቃሉ ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው በሚሻገርበት ጊዜ፣ የተናገረው ማን እንደ ሆነና ነገሩ መቼ እንደሚፈጸም በመንገድ ሊጠፋ ይችላል። ልጆቻችን በእንግሊዝኛ ትምህርት ቀጥተኛውን ንግግር ቀጥተኛ ወዳልሆነ ንግግር ለውጡ ሲባሉ የሚቸገሩት ስለዚህ ነው። እኛም ወላጆች ይህን የሰዋስው ክፍል በቤት ያስረዱ ዘንድ እነሆ በአጭሩ እንገልጸዋለን።

የችግሩ ምንጭ የልጁ ስንፍና ሳይሆን የቋንቋችን ልማድ ነው። በአማርኛ የሰውን ቃል ስናወራ ብዙውን ጊዜ እንዳለ እናስቀምጠዋለን። «ካሣ እመጣለሁ አለ» ብንል፣ የሚመጣው ካሣ መሆኑን የማያውቅ የለም። በእንግሊዝኛ ግን «ካሣ ሴድ ዛት አይ ዊል ካም» ያለ ልጅ፣ የሚመጣው ካሣ ሳይሆን እርሱ ራሱ ነው ማለቱ ነው።

ይህም የፈተና ነጥብ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በአሜሪካና በሌላም አገር ከሚኖሩት ቤተ ሰቦቻችን መካከል በሐኪም ፊት ልጆቻቸውን አስተርጓሚ የሚያደርጉ አሉ። እናት «ደረቴን ይወጋኛል» ብትልና ልጅቱ «እናቴ አለች» ካለች በኋላ ሕመሙን በ«አይ» ብትናገር፣ ሐኪሙ የታመመችው ልጅቱ ናት ብሎ ሊያስብ ይችላል። «ሺ» ብትል ግን ነገሩ በቀና ነበር።

መድኃኒቱም ከዚሁ ከአማርኛችን ውስጥ ይገኛል። «እመጣለሁ አለኝ» የምንለውን «እንደሚመጣ ነገረኝ» ማለትም እንችላለን። በሁለተኛው አነጋገር «እኔ» የነበረው «እርሱ» ሆኗል። እንግዲህ ልጁ አስቀድሞ ዐረፍተ ነገሩን በ«እንደ» ይለውጥ፤ ከዚያ በኋላ ወደ እንግሊዝኛ ይመልሰው። «አይ» ወደ «ሂ» ወይም ወደ «ሺ» መለወጥ የሚገባው ለምን እንደ ሆነ ያን ጊዜ ራሱ ያየዋል።

አማርኛችን የማይረዳን በግሱ ጊዜ ነው። የሚያወራው ሰው «ሴድ» ብሎ በኀላፊ ጊዜ ከጀመረ፣ የሚከተለው ግስ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይመለሳል። «ኢዝ» «ወዝ» ይሆናል፤ «ዊል» «ዉድ»፣ «ካን» «ኩድ» ይሆናል፤ አስቀድሞ ኀላፊ የነበረውም «ሃድ» የሚለውን ይጨምራል። ስለዚህ «አይ አም ሲክ» ያለችው ሴት ቃሏ ሲወራ «ሺ ሴድ ዛት ሺ ወዝ ሲክ» ይባላል። ልጆች ይህን ሲሰሙ ሴትዮዋ ድናለች ብለው እንዳይተረጕሙ ማስረዳት ያሻል፤ «ወዝ» የሚያመለክተው ቃሉ የተነገረበትን ጊዜ እንጂ መዳኗን አይደለም።

የቀን ስሞችም እንዲሁ ጥንቃቄን ይሻሉ። ሐኪሙ ሰኞ ዕለት «ነገ ተመለሱ» ቢልና ልጁ ይህን ሐሙስ ዕለት «ቱሞሮው» ብሎ ቢያወራው፣ ሰሚው ዓርብን ይጠብቃል። በአማርኛ «በማግሥቱ» እንደምንል፣ በእንግሊዝኛም «ዘ ኔክስት ደይ» ይባላል። ነገር ግን ቃሉ በዚያው በሰኞ ዕለት ከተወራ ነገ ያው ነገ ነውና መለወጥ አያስፈልገውም። ስለዚህ ደንቡን በቃል ከመሸምደድ ይልቅ ማን፣ መቼ፣ የት ሆኖ እንደሚያወራ ማሰብ ይበልጣል።

ጥያቄ በሚወራበት ጊዜ የጥያቄነቱ መልክ ይቀራል። «ዌር ዱ ዩ ሊቭ» የሚለው «ሂ አስክድ ሚ ዌር አይ ሊቭድ» ይሆናል፤ «ዱ» ይወድቃል፤ የጥያቄው ምልክትም አይጻፍም። አዎን ወይም አይደለም ተብሎ የሚመለስ ጥያቄ ሲሆን «ኢፍ» ወይም «ዌዘር» ይገባበታል፤ ይህም «ይመጣ እንደ ሆነ ጠየቀኝ» ስንል «እንደ ሆነ» የሚሠራውን ሥራ ይሠራል። ትእዛዝ ደግሞ በ«ቱ» ይወራል፤ «እንድቀመጥ ነገረችኝ» ለማለት «ሺ ቶልድ ሚ ቱ ሲት ዳውን» ይባላል። ክልከላ ከሆነ «ኖት ቱ» ነው። «ቶልድ» ከኋላው የተነገረውን ሰው ወዲያው ያስከትላል፤ «ሴድ» ግን ሰውን ለማስከተል ሲፈልግ በመካከል «ቱ»ን ይሻል።

ከዚህ የሚወጡ 2 ነገሮች አሉ። የሚያወራው ሰው «ሴዝ» ብሎ በአሁን ጊዜ ከተናገረ የግሱ ጊዜ አይለወጥም። ምድር በፀሐይ ዙሪያ እንደምትዞር ያለ ዘወትር እውነት የሆነ ነገርም፣ «ሴድ» ቢቀድመው እንኳ በአሁን ጊዜ ሊቀር ይችላል።

ወላጆች ሆይ፤ ማታ ከራት በኋላ ይህን ፈትኑት። እናት አንድ ዐረፍተ ነገር ለልጇ ትንገረው፤ ልጁም በመጀመሪያ በ«እንደ»፣ ቀጥሎም በእንግሊዝኛ ለአባቱ ያድርስ። እንግሊዝኛ የማያውቁ ወላጆችም በ«እንደ» የተለወጠውን ማረም አያቅታቸውም። ፈራጂዋ የቃሉ ባለቤት እናቲቱ ትሁን፤ «ያልሁት ይህንኑ ነው» ካለች ልጁ መልእክቱን በሚገባ አድርሷል።