ደም ለምን ይረጋል?

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ በአገራችን መገኘቱ በተነገረ ጊዜ አብዛኞቻችን ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበርን። ከዚያ ወዲህ በየለቅሶው ቤት አንድ ጥያቄ ስንሰማ ኖረናል። «በሽታው የሳንባ ነው ብላችሁን አልነበረም ወይ? ታዲያ ደሙ ረጋ የምትሉን ከየት አምጥታችሁ ነው?» መልስ ያጣው ዘመድም ሐኪሙን እየጠረጠረ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

መልሱ ግን አለ። እኛ የሥነ ጽሑፍና የታሪክ ተማሪዎች ብንሆንም ጠይቀን የተረዳነውን እንናገር።

በነጭ የደም ሕዋሳትና ፕላትሌት በሚባሉት ደም አርጊዎች ዘንድ ሬሴፕተር የተባሉ ዘበኞች አሉ። ከእነሱ መካከል «ቶል» የሚባለው ወገን የቫይረስን አር ኤን ኤ ለይቶ ያውቃል። በዚህ ወገን ላይ ስላደረጉት ግኝት ብሩስ ቦይትለርና ዡል ሆፍማን እ.ኤ.አ. የ2011ን የሕክምና ኖቤል ሽልማት እኩሌታ ተካፍለዋል።

ዘበኛው ሲጮህ ፕላትሌቶች እርስ በርሳቸው ይጣበቃሉ፤ ኒውትሮፊል የተባለው ነጭ ሕዋስም የገዛ ዲ ኤን ኤውን እንደ መረብ ይዘረጋል። ይህ መረብ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2004 በርሊን ውስጥ ነው። ዓላማው ደግ ነው፤ ተውሳኩ በደም እንዳይሠራጭ መንገድ ይዘጋል። ጩኸቱ አልበርድ ካለ ግን መረቡና የረጋው ደም የሳንባን ቀጫጭን የደም ሥሮች ይደፍናሉ። እንግዲህ በጽኑ የታመመውን ሰው የሚጎዳው ቫይረሱ ብቻ ሳይሆን ልኩን ያለፈው መከላከያም ነው።

ሐኪሞች ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ሄፓሪን መስጠታቸው ስለዚህ ነበር። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ከእንግሊዝ አገር የወጣ ጥናትም፣ መከላከያውን የሚያበርደው ርካሹ ዴክሳሜታዞን በመተንፈሻ መሣሪያ ከሚረዱት መካከል ሞትን በሢሶ ያህል መቀነሱን፣ ኦክስጅን ለማያስፈልገው በሽተኛ ግን አለመጥቀሙን አሳየ። ዘበኛን ያለ ጊዜው ማሰር ቤትን ማስደፈር ነውና።

ይህን ሁሉ ለማስረዳት ከዘበኛ፣ ከመረብና ከመንገድ የራቀ ምን ቃል አስፈለገን? የሳይንስ ጓደኞቻችን «አማርኛ አይበቃም» ይላሉ፤ እኛም «ጉዳዩ የእኛ አይደለም» ብለን ግጥማችንን እንጽፋለን። ሁለታችንም አጥፍተናል። እነሱ ዕውቀቱን፣ እኛ ቃሉን ይዘን በዚህ መጽሔት በየእትሙ አንድ ገጽ እንሙላ። አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ፤ ሕዝብ በማያውቀው ቋንቋ የተነገረ በሽታም እንደ ተደበቀ ይቆጠራል።