ላፕቶፓችሁ «አምስት» ስትሉት «አምሳ» ብሎ ቢጽፍስ?



ዛሬ ስለ በሽታ ሳይሆን ስለ አንድ ትንሽ ዕቃ ነው የማወራችሁ። ላፕቶፓችሁ ላይ አብራ ስለተሠራችው ማይክ። «ይሄ ደግሞ ከጤና ጋር ምን አገናኘው?» የምትሉ አትጠፉም። እስከ መጨረሻው አንብቡልኝና ራሳችሁ ትፈርዳላችሁ።

ከተወሰኑ ወራት በፊት ቀኝ እጄን ያመኝ ጀመር። ቀን ታካሚ ሳይ የታካሚ መረጃ እጽፋለሁ፣ ማታ ደግሞ ለእናንተ የሚሆን ጽሑፍ እጽፋለሁ። ሌሊት አውራ ጣቴ፣ ጠቋሚ ጣቴና የመሃል ጣቴ እየደነዘዙ ከእንቅልፌ ያነቁኝ ነበር። እጄን ሳራግፈው ቀለል ይለኛል። ለታካሚ ስንት ጊዜ የነገርኩት ምልክት በራሴ መጣ፤ አንጓ ላይ የሚያልፈው ነርቭ ሲጫን የሚመጣ ነው። ስለዚህ መጻፉን ለድምፄ ሰጠሁት። እኔ እናገራለሁ፣ ላፕቶፑ ይጽፋል። ጉግል በድምፅ መጻፊያው ላይ አማርኛን የጨመረው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። በእንግሊዝኛ ብቻ የሚሠራ የሚመስላቸው ብዙዎች ስለሆኑ ነው የማነሳው። እጄ አረፈ፣ እኔም ደስ አለኝ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ግን አንዲት እናት ቤታቸው ይዘውት የሚሄዱትን የመድኃኒት አወሳሰድ በአማርኛ ላዘጋጅላቸው ፈለግሁ። መስኮቱ ክፍት ነው፣ ውጭ መኪና ይጮኻል፣ በር ላይ ተራ የሚጠብቁ ሰዎች ያወራሉ፣ የላፕቶፑ ፋን ይጮኻል። እኔም ወንበሬ ላይ ደገፍ ብዬ «ፕሬድኒሶሎን አምስት ሚሊግራም፣ ጠዋት ከምግብ በኋላ» አልኩ። ቸኩዬ ስለነበር አላነበብኩትም። አትሜ ሰጠኋቸው።

ማታ ልጃቸው ደወለች። «ዶክተር፣ ስላስቸገርኩዎት ይቅርታ። ወረቀቱ 50 ይላል፣ ኪኒኑ ላይ ግን 5 ነው የተጻፈው። እናቴ አስሩን በአንዴ ነው የምትውጠው?»

እንዴት እንደደነገጥኩ አልነግራችሁም። እኚህ እናት የስኳር ታማሚ ናቸው። ይህ መድኃኒት መጠኑ ሲጨምር የደም ስኳርን ወደ ላይ ይሰቅላል። ልጅቷ ጠያቂ ባትሆን ኖሮ «ሐኪሟ ያለችውን ነው» ብለው አስሩን ይወስዱ ነበር።

ጥፋቱ የማሽኑ አይደለም፣ የኔ ነው። ሳላነብ ሰጠሁ። ነገር ግን ማሽኑ ለምን እንደተሳሳተ ሳጣራ፣ ብዙዎቻችሁም በየቀኑ የምታደርጉትን ስህተት አገኘሁ።

👉 የላፕቶፑ ማይክ ችግር ምንድን ነው?

ዋናው ርቀት ነው። ድምፅ በራቀ ቁጥር ይደክማል፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የድምፁ ግፊት በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ከአፋችሁ 5 ሳንቲሜትር ላይ ያለች ማይክ የምታገኘውን ድምፅ፣ 50 ሳንቲሜትር ላይ ያለችው የላፕቶፕ ማይክ አንድ አሥረኛውን ያህል ብቻ ነው የምታገኘው። የመንገዱ ጩኸት ግን ለሁለቱም ያው ነው። ባዶ ግድግዳና ሴራሚክ ወለል ያለው ክፍል ደግሞ ድምፃችሁን መልሶ ያስተጋባል። ፋኑና ኪቦርዱ እዚያው ማይኳ አጠገብ ናቸው። እኛ ሰዎች በጫጫታ መሃል የምንፈልገውን ድምፅ ለይተን እንሰማለን፤ ማሽኑ ግን በዚህ አያህለንም።

አማርኛችን ደግሞ የራሱ ወጥመድ አለው። «አምስት»ና «አምሳ»፣ «ሰባት»ና «ሰባ» የሚለያዩት መጨረሻቸው ላይ ነው፤ መጨረሻ ደግሞ ስንናገር ድምፃችን የሚወርድበት ቦታ ነው። ከዚህ የሚብስም አለ። «ይውሰዱ»ና «አይውሰዱ» የሚለያዩት በአንድ ፊደል ነው። እሷ ከተዋጠች ክልከላው ትእዛዝ ሆነ ማለት ነው። የምግብ አሠራር ለጓደኛ ስትልኩ ይህ ያስቃል። መድኃኒት ላይ ግን አያስቅም።

ብዙ ሰው ሁለት ሦስት ቀን ሞክሮ «አማርኛ በማሽን አይሆንም» ብሎ ይተወዋል። እኔ በዚህ አልስማማም። እውነት ነው፣ ማሽኖቹ የተማሩበት የአማርኛ ድምፅ ከእንግሊዝኛው በጣም ያነሰ ስለሆነ ስህተታቸው ይበዛል። ግን ቋንቋችንን ከመውቀሳችን በፊት ማሽኑ በደንብ ሰምቶን እንደሆነ እንጠይቅ። ጆሮው የደከመ ሰው ሲያጋጥመን «ቋንቋ አይችልም» አንልም፤ ጠጋ ብለን እንናገራለን።

ራሳችሁ ሞክሩት። አንድ አጭር አንቀጽ ምረጡ፣ ቁጥር ያለበት ቢሆን ይመረጣል። መጀመሪያ በላፕቶፑ ማይክ፣ ቀጥሎ ከስልካችሁ ጋር በመጣው ባለማይክ ኢርፎን አንብቡት። የሁለቱን ስህተት ቁጠሩ። እኔ ካደረግሁት በኋላ ወደ ድሮው አልተመለስኩም።

ስትሞክሩ እነዚህን ልብ በሉ፦

1. ኢርፎኑን ስለሰካችሁ ብቻ ላፕቶፑ ይጠቀምበታል ማለት አይደለም። የድምፅ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ የትኛው ማይክ እንደተመረጠ እዩ። ብዙ ጊዜ «ኢርፎንም ለውጥ የለውም» የሚባለው አሁንም የላፕቶፑ ማይክ እየሠራ ስለሆነ ነው።
2. ማይኳን ከአፋችሁ ፊት ለፊት ሳይሆን ወደ ጎን አድርጓት፤ ትንፋሻችሁ ሲመታት ትንፋሹንም ድምፅ ታደርገዋለች። ከሻርፕና ከነጠላ ጋር እንዳትፋተግም ያዙልኝ።
3. የብሉቱዝ ኢርፎን ብዙ ጊዜ ማይኩ ሲከፈት የድምፅ ጥራቱ ይወርዳል። ርካሹ ባለገመድ ሊሻል ይችላል።
4. ሌላ ማይክ ከሌላችሁ በርና መስኮት ዝጉ፣ መጋረጃና ምንጣፍ ያለበት ክፍል ምረጡ፣ ላፕቶፑንም አቅርቡት።

👉 ስለ ሰውነታችሁስ?

የላፕቶፑ ማይክ አልሰማ ሲል የምናደርገው ሁለት ነገር ነው፤ አንገታችንን ወደ ስክሪኑ እናሰግጋለን፣ ድምፃችንን ደግሞ ከፍ እናደርጋለን። እጃችንን ለማሳረፍ ብለን አንገታችንንና ጉሮሯችንን ማሳመም ምን ትርፍ አለው? ማይኳ ስትቀርብ ጀርባችሁን ደግፋችሁ፣ በተለመደው የወሬ ድምፅ መናገር ትችላላችሁ። ውኃ አጠገባችሁ ይኑር። በየ20 ደቂቃው ዝም በሉ፣ ተነሱ፣ ተንቀሳቀሱ። ድምፃችሁ ሲደክም ማንሾካሾክ መፍትሔ አይደለም፤ ዝምታ ነው መፍትሔው። ከ3 ሳምንት በላይ የቆየ የድምፅ መጎርነን ካለ ሐኪም ይየው፤ በተለይ የሚያጨስ ሰው አይዘግይ።

የእጅ መደንዘዝም «ታይፕ ስለማበዛ ነው» ተብሎ ብቻ አይታለፍ። በእርግዝና ጊዜ፣ በስኳር በሽታና የእንቅርት ዕጢ ሥራ ሲቀንስም ይመጣል። ጣቶቻችሁ ሌት ተቀን ከደነዘዙ፣ ዕቃ ከእጃችሁ መውደቅ ከጀመረ፣ ወይም የአውራ ጣት ሥር ያለው ሥጋ ከሳሳ በድምፅ መጻፍ ሕክምና አይሆንም። ተመርመሩ።

👉 አንድ ቃል ለባልደረቦቼ

የላፕቶፕ ማይክ እናንተን ብቻ አይደለም የሚሰማው። ታካሚውን፣ አስታማሚውን፣ በሩ ላይ የቆመውንም ይሰማል። ብዙዎቹ በድምፅ መጻፊያዎች ደግሞ ድምፁን በኢንተርኔት ወደ ሌላ ቦታ ልከው ነው ወደ ጽሑፍ የሚቀይሩት። በ2016 ዓ.ም የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ የጤና መረጃን የተለየ ጥንቃቄ ከሚሹት ውስጥ መድቦታል። አዋጁ ባይኖርም ታካሚያችን ምስጢሩን ያመነው እኛን እንጂ ማይኩን አይደለም። ታካሚ ፊት ተቀምጦ ስምና ምርመራውን ለክፍት ማይክ መናገር ትክክል አይመስለኝም። በአጭር ማስታወሻ ያዙ፤ ታካሚው ከወጣ በኋላ፣ መሥሪያ ቤታችሁ በፈቀደው መንገድ፣ በሩን ዘግታችሁ ተናገሩ።

የመድኃኒት መጠን ላይ ያለኝ አቋም ደግሞ የከረረ ነው። መጠንና ቁጥር በድምፅ አይጻፍ። በጣት ይጻፍ፣ ከዚያ ጮክ ተብሎ ይነበብ። አሥር ሰከንድ ነው የሚወስደው። እኔ ያንን አሥር ሰከንድ ቆጥቤ አንዲት እናት ላይ ጉዳት ላደርስ ነበር። በማግስቱ ቤታቸው ደውዬ ይቅርታ ጠየቅሁ፣ ትክክለኛውንም ወረቀት አዘጋጅቼ ሰጠሁ።

እናንተ ታካሚዎችም ከዚያች ልጅ ተማሩ። ወረቀቱ ከኪኒኑ ጋር ካልገጠመ፣ ከለመዳችሁት መጠን በድንገት ከበዛ ወይም ካነሰ፣ ከመዋጣችሁ በፊት ደውሉ፤ ካልሆነም ፋርማሲስቱን ጠይቁ። «ሐኪሙን መጠራጠር ይሆንብኛል» አትበሉ። ያን ቀን ማታ ያ ጥያቄ እናቷን አድኗል፣ እኔንም አድኗል።

በድምፅ መጻፉን አላቆምኩም፤ ይህንንም ጽሑፍ አብዛኛውን የጻፍኩት በድምፄ ነው፣ በባለገመድ ኢርፎን። ቁጥሮቹን ግን በጣቴ ነው የጻፍኳቸው። ሁለቴም አንብቤዋለሁ።

እጁን የሚያመው፣ ወይም ለወላጆቹ የመድኃኒት መመሪያ በድምፅ ጽፎ የሚልክ ሰው የምታውቁ ከሆነ አጋሩት። የገጠማችሁን በኮሜንት ጻፉልኝ፣ አነባለሁ።

ጤናችሁ ይብዛ!